ሕንፃውም ይመርመር

ማለዳ በሙሉ ጤና ወደ መሥሪያ ቤቱ የገባ ሰው፣ ቀትር ሳይደርስ ዓይኑን እየቆጠቆጠው፣ ጉሮሮው እየደረቀ፣ ራሱም እየከበደው የሚውል፣ ማታ ግን ከደጅ ወጥቶ ጥቂት እንደ ተራመደ ሕማሙ ሁሉ የሚለቀው ከሆነ፣ አለቃው ስንፍና ነው፣ ባልንጀራው ምች ነው፣ እርሱም ራሱ የዕድሜ ድካም ነው ብለው ከመፍረዳቸው አስቀድሞ፣ የሚውልበት ሕንፃ ሊመረመር ይገባል ብዬ አምናለሁ። የሙያው ሊቃውንት ይህን ደዌ ሲሰይሙት የታመመው ቤቱ እንደ ሆነ አድርገው መናገራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድን ተሐዋሲ ወይም አንድን መርዝ ለይቶ ጥፋተኛው ይህ ነው ማለት ስለማይቻል፣ የታማሚዎቹ ብዛትና የቦታው አንድነት ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆማልና።

እ.ኤ.አ. በ1973 ዓረቦች በአሜሪካ ላይ የነዳጅ እገዳ በጣሉ ጊዜ፣ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ የሚባክነውን ኃይል ለመቆጠብ ሲባል፣ ለአንድ ሰው በደቂቃ 425 ሊትር ገደማ እንዲገባ ታዝዞ የነበረው የውጭ አየር ወደ 142 ሊትር ገደማ እንዲወርድ ተደረገ፤ ከአዲስ ቀለም፣ ከማጣበቂያ፣ ከምንጣፍና ከቺፑድ የሚተነውም ሁሉ መውጫ አጥቶ ከሠራተኛው እስትንፋስ ጋር በዚያው ይዞር ጀመር። ከአዳዲሶቹና ከታደሱት ሕንፃዎች እስከ 30 በመቶ የሚደርሱት እንዲህ ያለ አቤቱታ የሚበዛባቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ በ1984 የዓለም ጤና ድርጅት ኮሚቴ ገመተ፤ በ1989 አሜሪካኖች ለቢሮ የሚገባውን አየር ወደ 566 ሊትር ገደማ ከፍ ያደረጉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የዋሽንግተኑ ነገር ነው። የአገሪቱን አየርና ውኃ እንዲጠብቅ የተሾመው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ በ1980ዎቹ ማብቂያ በዋና ጽሕፈት ቤቱ በዋተርሳይድ ሞል እድሳት አድርጎ አዲስ ምንጣፍ ካስነጠፈ በኋላ፣ የገዛ ሠራተኞቹ ታመሙ፤ ስለ ብክለት በቂ ዕውቀት ያላቸው እነዚህ ሰዎች እንኳ ሕማማቸው እውነት መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከሙ። እነርሱ እንዲህ ከደከሙ፣ የእኛ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ማን ያምነዋል?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ፈጣሪ ዓመቱን ሙሉ ለዘብ ያለ አየር ሲሰጣት፣ በበረሃና በበረዶ አገር አምሳል ሕንፃዎቿን በመስታወት ማሸግ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። የሚከፈት መስኮት ያለበትም ቢሆን፣ አንዱ ሲከፍት ሌላው «ነፋስ ይመታኛል» ብሎ ይዘጋል፤ የእናቶቻችንን ፍርሃት አልንቅም፤ ነገር ግን በቀን ውስጥ ደጋግሞ ለጥቂት ደቂቃ መክፈት፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ክፍልም ሽታው እስኪለቅ ሰው ሳያስገቡ ማቆየት ማንንም አይጎዳም። የሕንፃ ፈቃድ የሚሰጡ ሹማምንትም የግንቡን ጥንካሬ እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ ንጹሕ አየር ከወዴት እንደሚገባ ሊጠይቁ ይገባል።

ስለ ባለ ጠረጴዛው ብዙ ተናገርሁ፤ ከእርሱ አስቀድመው፣ ገና ሳይነጋ፣ በተዘጋ መስኮት ውስጥ ወለሉን በበረኪና የሚወለውሉት ሴቶች ግን ሳላቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ በየትኛው ክፍል እንደ ጀመራቸው የሚጠይቃቸው ሰው እስካሁን አላየሁም።