የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ዝምታ መከባበር አይደለም

ወረታና ፎገራ ሜዳ ላይ «እግዜር የለም» ብሎ በአደባባይ የሚናገር ሰው ማግኘት ይቸግራል። ይህ ግን የማያምን የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ዝም ያለም ይኖራል። ያንን ዝምታ መከባበር ብሎ መቁጠር ስሕተት ይመስለኛል፤ የዚህ እትም ጽሑፎችም የሚነሡት ከዚሁ ነው።

ምእመኑ የሚሠጋው በከንቱ አይደለም። በማርክሳዊ ርዕዮት የተመራው ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን ሲወርስ ቤተ ክርስቲያን ርስቷን አጣች፤ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ተነሡ፣ በ1971 ተገደሉ። ይህን ያየ ሰው ክሕደት ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ የማያምነውም በጾሙ ሲሳለቅ ያንን ቁስል ይነካል። ሆኖም ግፉን የፈጸመው ሥልጣን የያዘ ኃይል እንጂ ዛሬ በኅሊናው የሚጠይቅ ወጣት አይደለም። «መጠየቅ ባህላችን አይደለም» የሚሉም አሉ። ከፎገራ በስተሰሜን እንፍራንዝ ኖረ የሚባለው ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ ግን ፈጣሪን ሳይክድ የየሃይማኖቱን ሥርዓት በልቡናው መርምሯል። በስሙ የሚጠራው «ሐተታ» የማን ድርሰት ነው የሚለው ክርክር ባያልቅም፣ ጥያቄው በግዕዝ ተጽፎ እጃችን ላይ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27ም የእምነትንና የአመለካከትን ነፃነት አብሮ ያስቀምጣል። በኑሯችንም እንዲሁ ነው፤ የሩዝ አረም ደቦ ረቡዕ ከዋለ ለምሳ የሚቀርበው የጾም ወጥ ነው፤ የማያምነውም ጭቃውን ታጥቦ ከዚያው ይቆርሳል። ያው ሰው «አላምንም» ቢል ከማዕዱ የሚነሣበት ምክንያት አይታየኝም።