ሙያ በልብ ነው

ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ እንጀራ የሚበላበትን ሥራ በሚፈልግበት ጊዜ በቤተ ሰብ መካከል አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የገንዘብ ነው። «ምን እንግዛለት? ከማንስ እንበደርለት?» ይባላል። «ምን ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ግን ከሁሉ በኋላ ይመጣል። በዚህ ወር የምንመለከተው ይህንኑ ነው፤ ለምሳሌም ብዙ ሰው አቅልሎ የሚያየውን የመስኮት ማጽዳት ሥራ መርጠናል።

አንድ የጾሬ ወጣት ወደ አሶሳ ከተማ መጥቶ የቤቶችንና የመሥሪያ ቤቶችን መስተዋት በማጽዳት ሊተዳደር አሰበ እንበል። ሥራ አይታጣም፤ በበጋ አቧራውና የሚቃጠለው ሣር ጢስ መስኮቱን ያደበዝዘዋል፤ በክረምትም ጭቃ ይረጭበታል። ወጣቱ ግን ውሃ አጣርቶ በረጅም ዘንግ ወደ ላይ የሚረጭ መኪና ካልተገዛልኝ አልጀምርም አለ። ለዚህም 60,000 ብር ቢበደርና ከአንድ ቤት 200 ብር ቢተርፈው፥ ዋናውን ዕዳ ብቻ ለመክፈል 300 ቤት ማጽዳት ይኖርበታል፤ ይህም ወለዱንና የዕለት ምግቡን ሳንቈጥር ነው።

መኪናው ከንቱ ነው አንልም። ውሃ በውስጡ የሟሟ ማዕድን ስላለው በመስተዋት ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፤ መኪናው ግን ማዕድኑን አስቀድሞ ያስወግደዋል። ሆኖም ባለሙያ የሆነ ሰው ያንኑ ነጠብጣብ በትንሽ የጎማ መጥረጊያ ይከለክለዋል፤ ውሃው ሳይደርቅ ጠርጎ ያወርደዋልና። ኤቶሬ ስቴኮኔ የተባለ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ኢጣሊያዊ በ1936 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) የፈጠራ መብት የጠየቀበት መሣሪያ ይኸው ነው፤ ቀላል የናስ እጀታና አንድ ቀጭን ጎማ። ከእርሱ በፊት የነበረው ሁለት ጎማና 12 ብሎን ያለው ከባድ ዕቃ ነበረ። እንግዲህ ሥራው የተሻሻለው መሣሪያው በመክበዱ ሳይሆን በመቅለሉ ነው።

የቀረው የእጅና የልብ ነገር ነው። ባለሙያው አቧራ የያዘውን መስተዋት በደረቅ ጨርቅ አያሸውም፤ የአሸዋ ቅንጣት መስተዋቱን ይጭረዋልና፥ አስቀድሞ በብዙ ውሃ ያርሰዋል። ሳሙናው እንዳይደርቅበት ፀሐይ ባላረፈበት ወገን ይጀምራል። ከላይ ወደ ታች ይጠርጋል፤ ጎማውንም በጠረገ ቍጥር ያብሰዋል። ማዕዘኑን አይረሳም፤ የቤቱ እመቤት አስቀድማ የምታየው ማዕዘኑን ነውና። ረጅም ዘንግ ቢያስፈልገውም አገሩ በሽመል የታወቀ ነው፤ የቈላው ሽመል እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ስላልሆነ ጠንካራ ነው። በዚያው አገር በእንጨት ገበታ ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶችን ያየ ሰው ይህን ነገር ያስተውለዋል። ገበታው ተራ እንጨት ነው፤ ወርቁን ከአሸዋው የሚለየው እጅ ግን ብዙ ዘመን የለመደ ነው።

ነገር ግን አንድ ቍጠባ እንዳለ አጥብቀን እንከለክላለን። በአዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. እንደ ተመረቀው፥ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ እንዳለው እንደ ንግድ ባንክ ሕንፃ ያለውን ቀርቶ፥ ሦስት ፎቅ ያለውን ቤት እንኳ ከውጭ ለማጽዳት የሚወጣ ሰው የታመነ ገመድ፥ የደኅንነት ቀበቶና ትምህርት ሊኖረው ይገባል። እጅን የሚተካ መሣሪያ ሊቈይ ይችላል፤ ነፍስን የሚጠብቅ ግን ሊቈይ አይገባውም። ይህን መግዛት የማይችል ሰው እግሩ ምድር ረግጦ በሚደርስበት መስኮት ይወሰን።

ደግሞም የመስኮት አጽጂ ወደ ሰው ጓዳ ይገባል። በሰዓቱ መምጣት፥ ጫማን በደጃፍ ማራገፍ፥ ያዩትን የቤት ምስጢር ለጎረቤት አለማውራት፥ የሰበሩትንም ሳይደብቁ መናገር በገንዘብ የሚገዙ አይደሉም። ሁለተኛ የሚያስጠሩት ግን እነዚህ ናቸው፤ ሰው የሚያስታውሰው ማን እንዳጸዳለት እንጂ በምን እንዳጸዳለት አይደለምና።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ በሬ ከመሸጣችሁ በፊት ልጃችሁን በቤታችሁ መስኮት፥ ቀጥሎም በዘመድ ቤት ፈትኑት። ባልዲ፥ ስፖንጅ፥ ጨርቅና ጎማ ስጡት። ካንድ ወር በኋላ ያለ ዘመድነት የሚጠሩት ደንበኞች ካገኘ መኪናውን ከትርፉ ይገዛዋል። ካላገኘም የጐደለው መኪና እንዳልነበረ በጊዜ ታውቁታላችሁ፤ በሬውም ከበረቱ አይወጣም።