የተማሪ ምሥጢርና የአማካሪ አደራ

ሰው የልቡን ጭንቀት የሚገልጠው የሚያምነውን መርጦ ነው። ምእመን ለንስሐ አባቱ፥ ሕመምተኛ ለሐኪሙ፥ ባለጉዳይ ለጠበቃው ይናገራል፤ ተማሪም ለትምህርት ቤቱ አማካሪ። ነገር ግን ወደ አማካሪ የሚመጣው ገና ራሱን ያልቻለ ልጅ ስለሆነ፥ አማካሪው ከምሥጢሩ ጋራ የልጁንም ደኅንነት በአደራ ይቀበላል። ሁለቱ አደራዎች ሲጋጩ ምን ማድረግ ይገባዋል?

ነገሩ እንዲገለጥ ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ከተማ አንድ ምሳሌ እናስብ። በየአገሩ ለንግድ የተበተነው ጉራጌ ለመስቀል ወደ ትውልድ ስፍራው ሲመለስ፥ ዘመድ ይገናኛል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ የጋብቻም ነገር ይነሣል። አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ ሊድሯት መታሰቡን ሰምታ ወደ አማካሪዋ ገብታ፥ «አደራዎን፥ ለማንም አይንገሩብኝ» ትላለች። አማካሪዋ ዝም ብትል ልጅቱ ትዳራለች፤ ትምህርቷም ይቀራል። ብትናገር፥ ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ወሬው ከአባቷ ጆሮ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ከዚያም ወዲያ ሌላ ተማሪ ያን በር አያንኳኳም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፥ በልጆች ጉዳይ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 648፥ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ያገባ፥ ዕድሜዋ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ እንደሆነ እስከ 3 ዓመት፥ ከዚያ በታች እንደሆነ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ስለዚህ ዝምታ አይገባም፤ የሚቀረው የአነጋገሩ ጥበብ ነው።

እንደሚመስለን አማካሪ ገና ልጁ ሳይናገር፥ «የምትነግረኝን እጠብቃለሁ፤ አደጋ ያለበት ከሆነ ግን የሚረዳህን ሰው እጠራለሁ» ማለት ይገባዋል። ገደቡን ሳያስታውቅ ቃል የገባ፥ ሊከፍለው የማይችለውን ዕዳ ገባ። መናገር ግድ ሲሆንም፥ ለማንና ስለ ምን እንደሚነግር አስቀድሞ ለልጁ ያስረዳ፤ ከዚያ ለርእሰ መምህሩና ጉዳዩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ብቻ ያስታውቅ። ከቡና ላይ ጨዋታ ግን ይጠንቀቅ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና።

የልጅቱ ደኅንነት ከተጠበቀ በኋላ፥ ቤተ ሰቡን ለማስታረቅ ሽማግሌ ይረዳል። በ19ኛው መቶ ዓመት የቃቄ ውርድወት የተባለችው ሴት ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት በሰባት ቤት ጉራጌ ሸንጎ፥ በየጆካ ፊት እንደ ተሟገተች ይነገራል። እንዲህ ያለ ሙግት የሰማ አገር የአንዲት ተማሪ ቃል አይከብደውም።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ምሥጢሯን ለሌላ ሰው ነገረች ብላችሁ አትቈጡ። ለእናንተ እንዳትነግር የከለከላት ፍርሃት ምን እንደሆነ መርምሩ።