ሕግንና የኮምፒዩተርን ሳይንስ አጣምሮ ስለ መማር

ሕግ የተሠራው ሰው ከሰው ጋር በሰላም እንዲኖርና የደካማው መብት በብርቱው እጅ ጠፍቶ እንዳይቀር ነው። ዳኛም በቅን ለመፍረድ የሕጉን ቃል ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ ሰዎች የሚካሰሱበትን ነገር ጠባይ ጭምር ማወቅ ያስፈልገዋል። በወሰን የሚካሰሱትን ገበሬዎች የሚዳኝ ሰው የድንበሩን ምልክት፥ በሚዛን የሚካሰሱትን ነጋዴዎች የሚዳኝም የሚዛኑን አሠራር ካላወቀ፥ የሚሰጠው ፍርድ ግምት ይሆናል። በዛሬው ዘመን የሰው ገንዘብና ስም፥ ውልና ደረሰኝ ኮምፒዩተር በሚባለው መሣሪያ ውስጥ እየተጻፈ ስለሚቀመጥ፥ ሙግቱም ተከትሎት ወደዚያው ገብቷል። ስለዚህ በዩኒቨርስቲ ሕግንና የኮምፒዩተርን ሳይንስ አጣምሮ መማር የጥቂት ተማሪዎች የምርጫ ነገር ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ የፍርድ መቃናት ጕዳይ ነው።

የነገሩን ክብደት በእንግሊዝ አገር የደረሰው ታሪክ ያስረዳል። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1999 ጀምሮ የዚያ አገር የፖስታ ድርጅት ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ ያቀረበለትን፥ ሆራይዘን የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም በየቅርንጫፉ አስገባ። ፕሮግራሙ ስሕተት ስለ ነበረበት፥ ያልጐደለውን ገንዘብ ጐድሏል እያለ ያሳይ ነበር። የቅርንጫፎቹም ኀላፊዎች ገንዘብ ሰረቁ፥ ሒሳብ አጭበረበሩ ተብለው ተከሰሱ። እስከ 2015 ድረስ ከ900 የሚበልጡ ሰዎች ጥፋተኞች ተባሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ወኅኒ ወረዱ፤ አንዳንዶቹ ያልወሰዱትን ገንዘብ ለመክፈል ጥሪታቸውን ጨረሱ፤ ስማቸው ሳይነጻ የሞቱም አሉ። አላን ቤትስ የተባለው ሰው የመራቸው 555 ከሳሾች ባቀረቡት ክስ፥ ፍርድ ቤቱ የፕሮግራሙን ስሕተት ያረጋገጠው በ2019 ነው። በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤት የ39 ሰዎችን ፍርድ ሻረ፤ በ2024 ደግሞ ፓርላማው የቀሩትን በጅምላ የሚያነጻ ሕግ አወጣ።

ይህ ሁሉ በደል የደረሰው ሕግ በሌለበት አገር አይደለም። በዚያው አገር በ1984 የወጣው ሕግ፥ ከኮምፒዩተር የተገኘ ጽሑፍ በማስረጃነት እንዲቀርብ መሣሪያው በደኅና ይሠራ እንደ ነበረ መረጋገጥ አለበት ይል ነበር። ይህ አንቀጽ በ1999 በወጣ ሌላ ሕግ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ፥ ተቃራኒው እስኪታይ ድረስ መሣሪያው በደኅና እንደ ሠራ ተደርጎ ይገመት ጀመር። ዳሩ ግን የፕሮግራሙ ምስጢር በኩባንያው እጅ ተዘግቶ ሳለ፥ አንድ የመንደር ፖስታ ቤት ኀላፊ የመሣሪያውን ጥፋት በምን ዐቅሙ ሊያሳይ ይችላል? በሕግ ዐዋቂውና በፕሮግራም ዐዋቂው መካከል ገደል ነበረ፤ እነዚያም ንጹሓን ሰዎች የወደቁት በዚሁ ገደል ውስጥ ነው።

ገደሉ ከወዲያኛው ወገን ሲታይም ያው ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያስበው ሕግ አውጪ ይሆናል። ለማን ብድር እንደሚፈቀድ፥ የማንስ ማመልከቻ እንደሚመለስ የሚወስን ፕሮግራም ሲጽፍ፥ እያንዳንዱ መስመር እንደ አንድ አንቀጽ ይቈጠራል። በእርግጥ ሁለቱ ትምህርቶች በአነጋገር ይቀራረባሉ፤ ሁለቱም «ይህ የሆነ እንደ ሆነ ያ ይደረግ፥ ካልሆነም ይቅር» የሚሉ ናቸውና። በሎንዶን የኢምፔሪያል ኮሌጅ ሊቃውንት በ1981 የወጣውን የእንግሊዝ የዜግነት ሕግ በኮምፒዩተር ቋንቋ ጽፈው፥ በ1986 ባሳተሙት ጥናት ይህን መቀራረብ አሳይተዋል። ነገር ግን በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚገኘውን «ቅን ልቡና» የሚለውን ቃል የሚመዝን ስሌት አይገኝም፤ የሰውን ሁኔታ የሚመረምር ኅሊና ያስፈልገዋል። የትኛው ሥራ ለመሣሪያ እንደሚሰጥ፥ የትኛውስ ለዳኛ እንደሚቀር አጣርቶ ለመለየት የሚችል ሁለቱን የተማረ ሰው ነው።

ሕግንና ስሌትን በአንድ ራስ ማኖር አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በኢትዮጵያ የመጻሕፍት ጉባኤ ቤት ፍትሐ ነገሥትና የዘመን መቍጠሪያው ባሕረ ሐሳብ ከሊቃውንት ወገን ተቈጥረው አብረው ሲተረጐሙ ኖረዋል። አራቱን ጉባኤ የፈጸመው መምህር «አራት ዓይና» መባሉም፥ ዕውቀት በተጨመረ ቍጥር ዓይን እንደሚጨመር ስለ ታሰበ ነው። በአውሮፓም በኛው አባ ጎርጎርዮስ ደቀ መዝሙር በሉዶልፍ ወዳጅነት የሚታወቀው ጀርመናዊው ላይብኒዝ፥ በ20 ዓመት ዕድሜው በሕግ የዶክቶርነት ማዕርግ ያገኘ ሰው ነበር፤ የዛሬው ኮምፒዩተር የሚሠራበትን፥ በ0 እና በ1 ብቻ የሚቈጠረውን ስሌት በ1703 ያብራራውም እርሱ ነው። በዘመናችንም የሲንጋፖር ማኔጅመንት ዩኒቨርስቲ የኮምፒዩተርንና የሕግን ትምህርት በአንድ ዲግሪ አጣምሮ ከ2020 ጀምሮ ያስተምራል። በአውስትራልያም ሁለቱን ዲግሪዎች ጎን ለጎን የሚሰጡ ዩኒቨርስቲዎች አሉ።

ኢትዮጵያም በዚህ ረገድ ሕግ አላጣችም። የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958/2008፥ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቍጥር 1205/2012፥ የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ቍጥር 1284/2015፥ የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 በተከታታይ ወጥተዋል። ይሁን እንጂ ዐዋጅ የሚሠራበት ሰው ካላገኘ በወረቀት ላይ የተኛ ቃል ነው። ነገ አንድ ገንዘብ ያዥ ኮምፒዩተሩ ጐድሎብሃል ስላለው ብቻ በችሎት ቢቆም፥ መዝገቡን ማን እንደ ነካው፥ በስንት ሰዓት እንደ ተለወጠ፥ ስሕተትስ አጋጥሞት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጠበቃ ያስፈልገዋል። ጥያቄው ተገቢ መሆኑን የሚረዳ ዐቃቤ ሕግና ዳኛም ያስፈልጉታል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ እርሱም ከንቱ አይደለም። በኢትዮጵያ የሕግ ትምህርት አምስት ዓመት፥ የኮምፒዩተር ሳይንስ ደግሞ አራት ዓመት ይፈጃል። ሁለቱን በተራ የሚማር ወጣት ዘጠኝ ዓመት ሊቀመጥ ነው፤ ይህንንም ያህል ጊዜ ሊያስተምሩ የሚችሉ ወላጆች ጥቂቶች ናቸው። ደግሞም ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ቀምሶ አንዱንም ሳይጨብጥ የወጣ ተማሪ፥ ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። መድኀኒቱ ግን ትምህርቱን መተው ሳይሆን ማስተካከል ነው። ዩኒቨርስቲዎች የሚደጋገመውን አስወግደው ዘመኑን ቢያሳጥሩት፥ ለሕግ ተማሪ ፕሮግራም እንዴት እንደሚጻፍና እንዴት እንደሚሳሳት፥ ለኮምፒዩተር ተማሪም ማስረጃና መብት ምን እንደ ሆኑ ቢያስተምሩት፥ መላው ሁለት ዲግሪ ባይይዝ እንኳ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ይሰማል። ሙሉውን ሸክም የሚችሉት ጥቂቶች ደግሞ በትጋታቸው ተመርጠው ይረዱ።

ተማሪውም ቢሆን ይህን መንገድ ሲመርጥ «ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ብቻ አስቦ፥ ለእንጀራው ዋስትና ብሎ መሆን የለበትም። ሁለት ዲግሪ ለባለቤቱ ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ለአገር የሚጠቅመው ግን በፍርድ አደባባይ ለቆመው፥ መሣሪያውንም ሕጉንም ለማያውቀው ሰው ጠበቃ ሲሆን ነው። መሣሪያ ምስክር በሆነበት ዘመን ምስክሩን መመርመር የሚችል ሰው ከሌለ፥ ፍርድ ተሰጠ እንጂ እውነት ተገኘ ሊባል አይቻልም። የእንግሊዝ አገር ንጹሓን ነጻ ለመውጣት ከ20 ዓመት በላይ የጠበቁት እንዲህ ያለው ሰው በጊዜው ስለ ታጣ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በኢትዮጵያ እንዳይታጣ፥ ከአሁኑ በትምህርት ቤት ማዘጋጀት ከኋላ ፍርድ ከመሻር ይሻላል።