የማዘርቦርዱን ስም ሳይዙ ፕሮሰሰር አይግዙ

ልጅዎ «ጌሙ ይንቀረፈፋል፤ ኮምፒውተሩ ይቀየርልኝ» ካለ በመጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይዩ። ሲጫወት ታስክ ማናጀርን ይክፈት፤ ጂፒዩው 100 ፐርሰንት አካባቢ ከቆመ ፕሮሰሰር መቀየር ብዙም አይፈይድም።

ችግሩ የፕሮሰሰሩ ከሆነ የማዘርቦርዱን ስም ጽፈው ይያዙ። ሶኬቱ የማይገጥም ዕቃ ለመመለስ ከፉሪ መርካቶ ድጋሚ መመላለስ ቀን ይበላል፤ ሻጩም ላይቀበል ይችላል።

ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2017 ለራይዘን ያወጣው ኤኤም4 ሶኬት ለቤተሰብ ኪስ ይራራል። በ2018 የወጣ ቢ450 ቦርድ ያለው ሰው ቦርዱንም ራሙንም ሳይቀይር ራይዘን 5 5600 መግጠም ይችላል። ወደ ኤኤም5 ከተሄደ ግን አዲስ ቦርድና ዲዲአር5 ራም አብሮ መግዛት ግድ ነው። በኢንቴል በኩል ደግሞ የ7ኛውና የ8ኛው ትውልድ ሶኬት ስሙ አንድ ዓይነት፣ 1151 ቢሆንም የአንዱ ቦርድ ለሌላው አይሆንም። ያገለገሉ የቢሮ ዴልና ኤችፒ ኮምፒውተሮችም ብዙዎቹ ቦርዳቸው ለራሳቸው ሳጥን የተሠራ ነው፤ ከገበያ በተገኘ ቦርድ አይተኩም።

አሮጌ ቦርድ አዲሱን ፕሮሰሰር እንዲያውቀው በቅድሚያ ባዮሱ መታደስ አለበት። ይህ የሚሠራው አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል ነው። እድሳቱ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ቦርዱ ዳግም ላይነሳ፣ የተቆጠበውም ብር ለአዲስ ቦርድ ሊውል ይችላል። ስለዚህ ዩፒኤስ ከሌለዎት ቤት ውስጥ አይሞክሩት። ፕሮሰሰሩን የሚገዙበት ሱቅ ባዮሱን አድሶ፣ ገጥሞ፣ ኮምፒውተሩ መነሳቱን እንዲያሳይዎት አስቀድመው ይስማሙ።