«ፎርማት ይደረግ» ይብቃን!

ኧረ ጎበዝ፣ ቫይረስ የስንቱን ኃጢአት ይሸከም? ባኮም እንበል አምቦ፣ ዊንዶውስና ኡቡንቱ የጫኑ ኮምፒውተሮች አንድ ሼርድ ፎልደር በሚጋሩበት ቢሮ ፍርዱ የታወቀ ነው። ደብዳቤው አልነበብ ሲል «ቫይረስ በልቶታል፣ ፎርማት ይደረግ!» ከገጠር ቀበሌ የመጡት አባት ደግሞ «ነገ ይምጡ» ይባላሉ። ማስረጃቸው የሚጠፋው ግን ያኔ ነው፤ በቫይረሱ ሳይሆን በፎርማቱ።

ቫይረስ የለም አላልንም። ከፍርዱ በፊት ምርመራ ይቅደም ነው የምንለው። መጀመሪያ ኮፒ ይያዝ። ከዚያ የዋናውና የተቀዳው ፋይል አሻራ፣ ማለትም ቼክሰሙ፣ ይነጻጸር። ይህን የሚያሰላ ትእዛዝ ዊንዶውስም ኡቡንቱም ውስጥ በነጻ አለ።

አሻራው አንድ ከሆነ ፋይሉ መንገድ ላይ አልተበላሸም። ምናልባት በድሮ የግዕዝ ፎንት ተጽፎ ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች በላቲን ፊደል ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር፣ ባልተጫኑበት ማሽን ጽሑፉ ዝብርቅርቅ ይላል። መድኃኒቱ ፎንቱን መጫን ብቻ!

አሻራው ከተለያየስ? ሲቀዳ መብራት ሄዶ ነበር? ሁለት ሰው እኩል ከፍቶ ጽፎበታል? ኬብሉስ፣ ዲስኩስ? በአፋን ኦሮሞ ለተሰየሙ ፋይሎች ሌላም ወጥመድ አለ፦ ኡቡንቱ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ይለያል፣ ዊንዶውስ ግን እንደ አንድ ያያቸዋል። በፊደል መጠን ብቻ የሚለያዩ ሁለት ፋይሎች ወደ ዊንዶውስ ሲቀዱ አንዱ በሌላው ላይ ሊጻፍ ይችላል።

ሳይጠይቅ የሚያጠፋን «ባለሙያ» ማለት እናቁም። የሰው ጉዳይ ነው የሚጠፋው!