የተቧጨረው በር ምን ይላል?

የቤቱን መዝጊያ የሚቧጭር ውሻ ያለው ሰው መፍትሔ ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ አናጺ ነው። አናጺውም የተላጠውን በስቱኮ ይደፍናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ ቀለም ይቀባል፤ ጠንከር ያለ ሥራ ከተጠየቀም የመዝጊያውን ታችኛ ክፍል በላሜራ ይለብጣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውሻው ከላሜራው በላይ ያለውን እንጨት ወይም መቃኑን መቧጨር ይጀምራል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ዱላ ያነሣል። ዱላውም አልሠራ ሲል ውሻው በመኪና ተጭኖ ከሰፈሩ ራቅ ካለ ስፍራ ይጣላል። በዚህ ጸሐፊ እምነት የዚህ ሁሉ ጥፋት መነሻ በሩን እንደ ተበዳይ፣ ውሻውን እንደ ወንጀለኛ መቁጠር ነው።

ስለ በሩ አስቀድመን ጥቂት እንበል፤ ነገሩ ፊዚክስም አለበትና። የውሻ ጥፍር እንደ ድመት ጥፍር ወደ ውስጥ የሚሰበሰብ አይደለም፤ ዘወትር መሬት ስለሚነካ ጫፉ የደነዘዘ ነው። ይሁን እንጂ በጠባብ ስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል ከፍተኛ ግፊት ይፈጥራል። 25 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ በኋላ እግሮቹ ቆሞ በአንድ የፊት እግሩ የ50 ኒውተን ያህል ኃይል ቢያሳርፍ፣ ይህም ኃይል እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊ ሜትር ካሬ በሚያህሉ አራት የጥፍር ጫፎች ላይ ቢከፋፈል፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ካሬ ላይ 12.5 ኒውተን ያርፋል ማለት ነው። እንደ ፈረንጅ ጽድ ያሉ ለስላሳ እንጨቶች ኃይሉ ከጭረታቸው አቅጣጫ ጋር ተሻግሮ ሲያርፍባቸው ከዚህ በእጅጉ ባነሰ ግፊት መሰርጎድ ይጀምራሉ። ቁጥሮቹ ለግምት የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢው የራሱን ውሻ መዝኖ ሊያሻሽላቸው ይችላል። ኮምፔንሳቶ የሆነ በርማ የላይኛው ስስ ንጣፍ አንድ ጊዜ ከተነሣ ቀሪው በቀላሉ እየተላጠ ይሄዳል።

በሩን መሸፈን ክፉ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ላሜራ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የተሻለው ሽፋን አይደለም። ጠርዙ በሚገባ ካልታጠፈ የውሻውን መዳፍ ይቆርጣል፤ ሲመታም እንደ ከበሮ ስለሚጮኽ አስቀድሞ የፈራውን እንስሳ ይበልጥ ያስደነግጠዋል። ለስላሳ ገጽ ያለው ወፍራም የፕላስቲክ ሰሌዳ ወይም የፎርማይካ ልባስ ያለው ጣውላ ከደፉ አንሥቶ ውሻው ቆሞ የፊት እግሮቹን እስከሚያደርስበት ከፍታ ድረስ በብሎን ቢታሰር፣ ሲያረጅ ፈትቶ ለመቀየርም ያመቻል። መዝጊያውን በርበሬ ወይም ናፍጣ የሚቀቡ ሰዎች ግን ሊታረሙ ይገባል። በርበሬ የውሻውን ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፤ ናፍጣም መዳፉን ሲልስ ወደ ሆዱ ይገባል። ከዚህ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የቀለሙ ጉዳይ ነው። አሮጌ የዘይት ቀለሞች እርሳስ የተባለውን ብረት ሊይዙ ይችላሉ። ውሻው የፋቀው፣ አናጺውም በደረቁ የፈገፈገው ቀለም ብናኝ ወለሉ ላይ ሲቀር፣ በዚያው ወለል ላይ የሚድኸው ሕፃን እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። እርሳስ በሕፃናት አእምሮ እድገት ላይ ጉዳት ማድረሱ ከተረጋገጠ ቆይቷል። በመሆኑም የተላጠውን ቀለም እያረጠቡ መፈግፈግና ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ መሰብሰብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ውሻው እንመለስ። ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ መዝጊያው ተቦጫጭሮ፣ ውሻውም ጆሮውን አጥፎ፣ ጅራቱን ከእግሩ መካከል ከትቶ ሲያገኘው «ጥፋቱን ያውቃል፤ ያደረገውም በእልህ ነው» ይላል። ይህ አስተሳሰብ በሙከራ ተፈትኗል። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች የኒው ዮርክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ባለቤቶቹ ከክፍሉ ከወጡ በኋላ ውሾቹ የተከለከሉትን ምግብ እንዲበሉ ወይም እንዳይበሉ አደረገች፤ ለባለቤቶቹም አንዳንዴ እውነቱን፣ አንዳንዴ ሐሰቱን ነገረቻቸው። የውሾቹ «የጥፋተኝነት» መልክ የተከተለው የባለቤቱን ቁጣ እንጂ የተፈጸመውን ጥፋት አልነበረም። ምንም ያልበሉት ውሾችም ሲገሠጹ «ጥፋተኛ» መስለው ታይተዋል። እንግዲህ አመሻሽ ላይ የሚያርፍ ዱላ ውሻውን ስለ በሩ የሚያስተምረው ነገር የለም። የሚያስተምረው የጌታው መምጣት ራሱ የሚያስፈራ መሆኑን ነው፤ ውጤቱም ነገ የሚጨምር ጭንቀት ነው።

ታዲያ ለምን ይቧጭራል? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ጠባዮችን መለየት ይገባል። አንደኛው የልመና መቧጨር ነው። ሰው ቤት ውስጥ እያለ፣ ውሻው ደጅ ሆኖ በሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጭራል፤ ቆም ብሎ ያዳምጣል፤ እንደገና ይጭራል። ይህን ጠባይ የሚያስተምረው ማን ነው ቢባል በሩን የሚከፍተው ሰው ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ሥራው ድመቶችንና ውሾችን በሳጥን ዘግቶ፣ ገመድ ሲስቡ ወይም መቀርቀሪያ ሲገፉ በሩ እንዲከፈት አድርጎ ነበር። እንስሳቱ በመጀመሪያ ያገኙትን ሁሉ ይቧጭራሉ፤ ሙከራው በተደጋገመ ቁጥር ግን በሩን ያስከፈተላቸውን ድርጊት ብቻ ያስቀራሉ፣ ለመውጣት የሚፈጅባቸውም ጊዜ ያጥራል። የእኛም የሳሎን በር ከቶርንዳይክ ሳጥን ብዙም አይለይም። ይባስ ብሎም እኛ አንድ ቀን እንከፍታለን፣ ሌላ ቀን እንቆጣለን። አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኝ ሽልማት ጠባይን ከምንጊዜውም ሽልማት ይበልጥ የማይጠፋ እንደሚያደርገው ፈርስተርና ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሰፊ ሥራ አሳይተዋል። ሰውየው ላለመክፈት ሲወስን ደግሞ መቧጨሩ ከመቀነሱ በፊት ለጥቂት ቀናት ይብሳል፤ በዚያ በባሰበት ሰዓት ተሸንፎ የከፈተ ሰው ውሻውን ጽናት አስተማረው ማለት ነው።

ሁለተኛው የድንጋጤ መቧጨር ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው። ሰው ሁሉ ከቤት ሲወጣ የሚጀምር፣ ብዙውን ጊዜም ጌታው ከወጣ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚበረታ ነው። ምልክቶቹን በሩ ራሱ ይመሰክራል፤ ቧጨራው በእጀታውና በመቃኑ ዙሪያ ይበዛል፣ መዝጊያው ላይ ምራቅ፣ አንዳንዴም ከተሰበረ ጥፍር የወጣ ደም ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ ቀላሉ ፈተና ምግብ ነው። በሌላ ጊዜ ሥጋ ያለበትን አጥንት ከእጅ የሚነጥቅ ውሻ፣ ብቻውን ሲቀር አጠገቡ የተቀመጠለትን አጥንት ሳይነካ ቆይቶ ጌታው ሲመለስ መብላት ከጀመረ፣ ይህ እንስሳ ቀኑን የዋለው በፍርሃት ነው። በዚህ ዓይነቱ ላይ «ዝም በለው፣ ይተወዋል» የሚለው ምክር አይሠራም፤ የሚያስቧጭረው የሽልማት ተስፋ አይደለምና።

ይህ ፍርሃት ከየት መጣ? በሃንጋሪ ዮዜፍ ቶፓልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር ያላቸውን ቁርኝት ለመመርመር የተዘጋጀውን ፈተና ለውሾች አውለውት ነበር። ውሻው በማያውቀው ክፍል ውስጥ አንዴ ከጌታው ጋር፣ አንዴ ከእንግዳ ሰው ጋር ይቆያል። ተመራማሪዎቹ ከመዘገቧቸው ጠባዮች አንዱ በር አጠገብ መቆም ነበር። ውሾቹ ከጌታቸውና ከእንግዳው ጋር ያሳዩት ጠባይ የተለያየ መሆኑ፣ የሕፃን ቁርኝት የሚመስል ትስስር እንዳላቸው አመልክቷል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ብሂላችን ነገሩን በምግብ ብቻ ያየዋል፤ የሃንጋሪዎቹ ጥናት ግን ከምግብ ያለፈ ነገር እንዳለ ይጠቁማል።

ጭንቀቱ ጌታው ከመውጣቱ በፊት እንደሚጀምርም ልብ ይሏል። የቁልፍ መንኳኳት፣ የጫማ ማሰር፣ የቦርሳ መነሣት ለውሻው እንደ ፓቭሎቭ ደወል ናቸው። ሕክምናውም ከዚሁ ይነሣል። ሜሪ ከቨር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን፣ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን ከሩቅ እያሳየች፣ ቀስ በቀስም እያቀረበች ፍርሃቱን አስለቅቃዋለች። ለውሻም መንገዱ ይኸው ነው። ቁልፍ አንሥቶ ሳይወጡ መቀመጥ፤ ከዚያ ለአምስት ሰከንድ ወጥቶ መመለስ፤ ውሻው ሳይረበሽ ከቆየ ወደ ግማሽ ደቂቃ፣ ወደ ሁለት ደቂቃ፣ ወደ አሥር ደቂቃ ማሳደግ። ከተረበሸ ወደ ኋላ መመለስ እንጂ መግፋት አይገባም። ሳምንታት ይወስዳል። ለጠናባቸው ውሾች መድኃኒትም አለ፤ በአሜሪካ ክሎሚፕራሚን እ.ኤ.አ. በ1998፣ ፍሉኦክሰቲን ደግሞ በ2007 ለዚሁ ችግር ተፈቅደዋል። የሚያዝዘው ግን የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ሁለቱም ከሥልጠናው ጋር እንጂ በሥልጠናው ፋንታ የሚሰጡ አይደሉም።

በሀገራችን ብዙው የግቢ ውሻ ቤት ውስጥ ስለማይኖር ይህ ሁሉ አይመለከተንም የሚል ይኖር ይሆናል። ግን ክረምት ሲገባ እንይ። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ሲሰማ፣ የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል፤ ለእኛ የማይሰማ ደካማ ድምፅም ለእርሱ ይሰማዋል። በነሐሴ ነጎድጓድ፣ በበዓላት ርችት ጊዜ የሳሎኑን በር የሚቧጭረው የግቢ ውሻ መጠለያ እየፈለገ ነው። በዚያ ሰዓት በሰንሰለት ማሰር መሸሻ መከልከል ነው። ደመናው ሲጠቁር፣ መቧጨር ሳይጀምር፣ ወደ በረንዳ ወይም ወደ ዕቃ ቤት ጥግ ቢገባ ሁለት ነገር ይገኛል፤ በሩም ይድናል፣ ውሻውም «ስቧጭር ይከፈትልኛል» የሚለውን ትምህርት አይማርም።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። ሰው ብዙ ችግር ባለበት ሀገር ስለ ውሻ ጭንቀት መጻፍ ቅንጦት ነው የሚል። ይህን ጸሐፊው አይቀበለውም፤ ምክንያቱ የርኅራኄ ብቻ አይደለም። ስለ በር ተብሎ የተጣለ ውሻ አይጠፋም፤ ከባዘኑት ጋር ይቀላቀላል፣ ይራባል፣ ክትባት የሚያስከትበው አያገኝም። በሀገራችን ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽተኛው የመዳን ተስፋው ከቁጥር የማይገባ ነው። ለበሽታው ዋናው አስተላላፊ ያልተከተበ ውሻ ነው። ስለዚህ የአንድ ቤት መዝጊያ ጉዳይ በጎዳና ለሚያልፈው ተማሪም ይተርፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ግድ ነው። ጠባዩ የተረጋጋ ውሻ በድንገት በርና እንጨት መንከስ ከጀመረ፣ ድምፁ ከሻከረ፣ ምራቁ ከተዝረከረከና መዋጥ ከተሳነው፣ ከላይ የተባለው ሥልጠና ሁሉ ይቅር። አይቅረቡት፤ ሌላ ሰው እንዳይቀርበው ግቢውን ዘግተው ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ። የተነከሰ ወይም ምራቁ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ከዚህ ውጭ ላለው ተራ ጭንቀት ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው መለካት ነው፤ የባዮሎጂና የሳይኮሎጂ ተማሪዎች በቀላሉ ሊሠሩት ይችላሉ። ስልክን መቅረጫ ላይ አድርጎ በሩ አጠገብ ትቶ መውጣት፤ ሲመለሱ በየአምስት ደቂቃው ስንት ጊዜ እንደተቧጨረ ቆጥሮ በግራፍ ማስቀመጥ። መስመሩ ከወጡበት ደቂቃ ጀምሮ ወደ ላይ ከወጣ ጭንቀቱ ከመለየት የመጣ ነው። መንገድ ላይ ሰው ወይም መኪና ባለፈ ቁጥር ብቻ የሚዘል ከሆነ ደግሞ ውሻው ጥበቃ ላይ ነው፤ ለዚህኛው በሩ ሥር ያለውን ክፍተት መድፈን ብቻ ሊበቃ ይችላል።